«ምዝገባ» የሚል ሞዴል ለምን ያስፈልጋል? ብዙ ለብዙን በጃንጎ ስሠራ የገጠመኝ

ስልክ የተደወለልኝ ከሰዓት በኋላ ነበር። የደወሉት የአንድ ማሠልጠኛ ተቋም የሬጅስትራር ኃላፊ ናቸው። የተማሪ ምዝገባ ሲስተማቸውን የሠራሁት እኔ ነኝ።

«የኔ ልጅ፣ ይህ ተማሪ አምና ሁለት ኮርስ ጨርሷል። ሰርተፍኬቱ እጄ ላይ ነው። ሲስተሙ ግን ምንም አልተማረም ይለኛል» አሉኝ።

«የስም መመሳሰል እንዳይሆን፣ መለያ ቁጥሩን ይንገሩኝ» አልኳቸው። ነገሩኝ፤ 14 ቁጥር ነው። ገብቼ አየሁ። ተማሪው አለ። ኮርሶቹም አሉ። ሁለቱን የሚያገናኙት ረድፎች ግን የሉም። ማን አጠፋቸው? መቼ? የሚነግረኝ ነገር አጣሁ። ለዚያ የሚሆን ቦታ ከመጀመሪያውም አላዘጋጀሁም ነበር።

ያንን ጥፋት ለማስተካከል ቀናት ፈጅቶብኛል። እናንተ ገና ሞዴል (የዳታቤዝ ቴብልን በኮድ የሚገልጸውን ክፍል) እየነደፋችሁ ከሆነ ይህን ጣጣ ልታልፉት ትችላላችሁ፤ ለዚህ ነው ቁጭ ብዬ የጻፍኩት። እኔ የሠራሁት በፓይተን ቋንቋ የዌብ ሲስተም መሥሪያ በሆነው በጃንጎ ነው። እንደ ላራቬልና ሬይልስ ባሉ ሌሎች መሥሪያዎች ላይ ለምትሠሩ የትእዛዙ ስም ይለያያል እንጂ ችግሩ ያው ነው።

ከመነሻው ልጀምር። አንድ ተማሪ ብዙ ኮርስ ይወስዳል። አንድ ኮርስ ብዙ ተማሪ አለው። ብዙ ለብዙ የሚባለው ይህ ነው። ተማሪ ቴብል ላይ «ኮርስ» የሚል ዓምድ ብታስገቡ አንድ ኮርስ ብቻ ይይዛል። ኮርስ 1፣ ኮርስ 2፣ ኮርስ 3 እያላችሁ ዓምድ ብትደረድሩ አራተኛው ሲመጣ ቴብሉን ልትቀይሩ ነው። አንዳንዱ ደግሞ በአንድ ዓምድ ውስጥ «3፣7፣12» ብሎ በኮማ ያጭቃል። ይህን በሰው ኮድ ውስጥ ደጋግሜ አይቻለሁ። ኮርስ 1ን የወሰዱትን ፈልግ ስትሉት 12ንም ይዞ ይመጣል። ፎሬን ኪይ (የሌላ ቴብልን ረድፍ የሚያመለክት ዓምድ) ማሰር አትችሉም፤ ስለዚህ የሌለ ኮርስ ቁጥር ቢጻፍበት ዳታቤዙ ዝም ይላል። የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ኤድጋር ኮድ እ.ኤ.አ. በ1970 የሪሌሽናል ሞዴልን፣ ማለትም ዳታን እርስ በርስ በሚገናኙ ሰንጠረዦች የማስቀመጥን ሐሳብ፣ ባስተዋወቀበት ጽሑፉ በአንድ ሕዋስ ውስጥ ሌላ ዝርዝር እንዳይታጨቅ ሰንጠረዡን መፍታት እንደሚገባ አሳይቷል። እስከ ዛሬ የምንሠራው በዚያው መንገድ ነው።

መፍትሔው ሦስተኛ ቴብል ነው። በአንድ በኩል ወደ ተማሪ፣ በሌላ በኩል ወደ ኮርስ የሚያመለክት። ጃንጎ ይህን ቴብል ራሱ ይሠራላችኋል። ተማሪ ሞዴል ላይ «ማኒቱማኒ ፊልድ» የምትል አንድ መስመር ትጽፋላችሁ፣ ማይግሬሽን (የሞዴሉን ለውጥ ወደ ዳታቤዙ የሚያስተላልፈውን ፋይል) ታስኬዳላችሁ፣ አለቀ። ዳታቤዙን ከፍታችሁ ብታዩ ሦስት ዓምድ ብቻ ያለው ቴብል ታገኛላችሁ፦ የራሱ መለያ፣ የተማሪ መለያ፣ የኮርስ መለያ። የተማሪና የኮርስ ጥምረት እንዳይደገም የሚከለክል ገደብም አብሮ ይሠራል። ስለዚህ ተማሪ 14ን ወደ ኮርስ 3 ሁለቴ «አድ» (ጨምር) ብትሉት ረድፉ አንድ ነው፤ ስህተትም አይወጣም።

በጣም ይመቻል። እኔም በዚህ ምቾት ነው የጀመርኩት። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ምንም ችግር አልነበረም። ተማሪ መርጠህ ኮርስ ትመርጥለታለህ፣ ታስቀምጣለህ፣ ዝርዝሩ ይታያል።

ከዚያ ጥያቄዎች መምጣት ጀመሩ። የመጀመሪያው «ተማሪው መቼ ነው የተመዘገበው?» የሚል ነበር። ቀኑን የት ላድርገው? ተማሪው ላይ እንዳላደርግ ብዙ ኮርስ አለው። ኮርሱ ላይ እንዳላደርግ ብዙ ተማሪ አለው። ቀኑ የሁለቱም አይደለም፤ የመገናኘታቸው ነው። በመካከል ያለው ቴብል ግን የጃንጎ ነው፤ ዓምድ አልጨምርበትም። ቆሜ ማሰብ የነበረብኝ እዚህ ላይ ነው። እኔ ግን ስለቸኮልኩ አለፍኩት። «ቀኑ ለጊዜው ይቆይ» አልኩ።

ሁለተኛው ጥያቄ ውጤት ነበር። ያንን ማቆየት አይቻልም። ስለዚህ ከጎን «ውጤት» የሚል ሌላ ሞዴል ሠራሁ፤ ወደ ተማሪ አንድ ፎሬን ኪይ፣ ወደ ኮርስ አንድ ፎሬን ኪይ፣ አንድ የነጥብ ዓምድ። ልብ በሉ፤ ያው የመካከለኛው ቴብል ግልባጭ ነው። አሁን «ይህ ተማሪ ይህን ኮርስ ይወስዳል» የሚለውን ነገር ሁለት ቴብሎች ይናገራሉ ማለት ነው። ሁለት ቦታ የተጻፈ ነገር ደግሞ አንድ ቀን መለያየቱ አይቀርም። ብዙ ሳይቆይ ያልተመዘገበበት ኮርስ ላይ ውጤት ያለው ተማሪ ተገኘ።

ሦስተኛው ጥያቄ ማቋረጥ ነበር። ተማሪ ኮርስ ሲያቋርጥ ምን እናድርግ? «ሪሙቭ» (አንሳ) እንላለና። ረድፉ ይሰረዛል። ሲሰረዝ ግን ተማሪው ተመዝግቦ እንደነበረም አብሮ ይሰረዛል። ያቋረጠና ጭራሽ ያልተመዘገበ ሰው በዳታቤዙ ዓይን አንድ ሆኑ።

ወደ ስልኩ ጉዳይ ልመለስ። የ14 ቁጥር ረድፎች የት ገቡ? ሁለት ቀን ፈልጌ ያገኘሁት ፎርሙ ውስጥ ነው። የተማሪ ማስተካከያ ገጽ ላይ የኮርሶች ዝርዝር አለ፤ ሠራተኞቹ ምልክት እያደረጉ ይመርጣሉ። ዝርዝሩ ስለረዘመባቸው «የዚህን ተርም ኮርሶች ብቻ አሳየን» ብለውኝ ነበር። እኔም የፎርሙን ኩዌሪሴት፣ ማለትም ከዳታቤዙ የሚያመጣቸውን የምርጫ ረድፎች፣ ወደዚህ ተርም አጠበብኩት። አንድ መስመር ለውጥ ናት። በዚያን ሰዓት ምንም አላሰጋችኝም።

አሁን የሆነውን ደረጃ በደረጃ ተመልከቱት። ተማሪ 14 አምና ኮርስ 3ንና ኮርስ 7ን ጨርሷል። ሠራተኛዋ ስልክ ቁጥሩን ልታስተካክል ገጹን ትከፍታለች። ኮርስ 3ና 7 የዚህ ተርም ስላልሆኑ ዝርዝሩ ውስጥ አይታዩም። የዚህ ተርም ኮርስ ደግሞ ገና አልወሰደም። ስልኩን አስተካክላ «አስቀምጥ»ን ትጫናለች። ፎርሙ የተመረጠ ኮርስ የሌለበት ባዶ ዝርዝር ይልካል። ጃንጎ የብዙ ለብዙ ፊልድን ከፎርም ሲያስቀምጥ «ሰት» የሚባለውን ሜተድ ነው የሚጠራው። የሜተዱ ትርጉም «ግንኙነቱ ልክ ይህን ዝርዝር ይምሰል» ነው። ዝርዝሩ ውስጥ የሌለውን ሁሉ ይሰርዛል። ሠራተኛዋ አላጠፋችም፤ ጃንጎም የታዘዘውን ነው የሠራው። ስልክ ቁጥሩ የተስተካከለለት ተማሪ ሁሉ ታሪኩ ተጠርጓል።

ብዙ ለብዙ ፊልድ ያለው ፎርም ካላችሁና ኩዌሪሴቱን ያጠበባችሁበት ቦታ ካለ፣ ይህን ጽሑፍ ትታችሁ መጀመሪያ እሱን ተመልከቱ።

ከባክአፕ የተወሰነውን መለስኩ። በባክአፖቹ መካከል የጠፋውን ደግሞ ከዚያ ከጎን ከሠራሁት የውጤት ቴብል አገኘሁት፤ ውጤት ካለው ተመዝግቦ ነበር ማለት ነው። የቀረውን ኃላፊዋ ከወረቀት መዝገባቸው እያነበቡልኝ በእጅ አስገባን። አንድ ቀን ሙሉ ፈጀ። እሳቸው ግን አንድም ጊዜ አልተቆጡኝም፤ ስም ያነባሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። ያ ትዕግሥታቸው እስከ ዛሬ ከልቤ አልወጣም።

ከዚያ በኋላ ሞዴሉን እንደ አዲስ ነደፍኩት። ለውጡ በአንድ ቃል ይገለጻል፦ ምዝገባ።

ተማሪና ኮርስ የሚባሉ ነገሮች አሉ ብዬ ነው የጀመርኩት። በመካከላቸው ያለውን እንደ ክር ነበር የማየው። የሬጅስትራሯን ንግግር መለስ ብዬ ሳስታውስ ግን ስለ ክር አያወሩም። «ምዝገባው ተሰርዟል»፣ «ምዝገባው መቼ ነው?»፣ «ሁለት ምዝገባ አለው» ነው የሚሉት። ለእሳቸው ምዝገባ እንደ ተማሪና እንደ ኮርስ ራሱን የቻለ ነገር ነው። እኔ ብቻ ነኝ ሞዴል የነፈግኩት።

አሁን ብዙ ለብዙ ሲገጥመኝ መጀመሪያ የማደርገው ግንኙነቱን በአማርኛ መጥራት ነው። ሰውና ማኅበር? አባልነት። ሠራተኛና ድርጅት? ቅጥር። መምህርና ክፍል? ምደባ። ተጠቃሚና ፕሮጀክት? ተሳትፎ። ሥራውን የሚሠሩት ሰዎች በየቀኑ የሚጠሩት ስም ካለው የራሱ ሞዴል ይገባዋል። ስም ያለው ነገር መጀመሪያና መጨረሻ አለው፤ ሁኔታ አለው፤ ያደረገው ሰው አለ። ዛሬ ባይጠየቅ ነገ ይጠየቃል። ጽሑፍና መለያ ቃል ግን? ጽሑፉ ቃሉ ተለጥፎበታል ወይም አልተለጠፈበትም፤ መቼ ተለጠፈ ብሎ የሚጠይቅ የለም። እንዲህ ያለውን ለጃንጎ ትቼ ቀላሉን ፊልድ እጠቀማለሁ፤ ደስ ብሎኝ ነው የምጠቀመው።

ምዝገባ ሞዴሉ ይህን ይይዛል፦ ወደ ተማሪ ፎሬን ኪይ፣ ወደ ኮርስ ፎሬን ኪይ፣ የተመዘገበበት ቀን፣ ሁኔታ፣ ውጤት፣ የመዘገበው ሠራተኛ። ብዙ ለብዙ ፊልዱ ተማሪ ላይ እንዳለ ይቀራል፤ «ትሩ» (through፣ «በኩል») በሚለው አማራጭ ግን መካከለኛው ቴብል ምዝገባ መሆኑ ይነገረዋል። የውጤት ቴብሉ ቀረ። ማቋረጥ መሰረዝ መሆኑ ቀረና ሁኔታን «አቋርጧል» ወደሚለው መቀየር ሆነ።

ጃንጎ ራሱ በሚሠራው መካከለኛ ቴብል ላይ ኮርስ ሲሰረዝ ግንኙነቶቹ አብረው ይሰረዛሉ። በራሳችሁ ሞዴል ግን ምርጫው የእናንተ ነው። እኔ ሁለቱንም ፎሬን ኪይ «ፕሮቴክት» አደረግኳቸው። ምዝገባ ያለበትን ኮርስ ልሰርዝ ቢሉ ጃንጎ እምቢ ይላል። በታሪክ ላይ እንዲህ ያለ እምቢታ ጥሩ ነው።

ገደቡ ትንሽ አስቸግሮኛል። የራሳችሁን መካከለኛ ሞዴል ስትሠሩ ጃንጎ ጥምረቱ እንዳይደገም የሚለውን ገደብ አይጨምርላችሁም፤ እናንተ ናችሁ የምትጽፉት። እኔ መጀመሪያ ተማሪና ኮርስ አይደገሙ ብዬ ጻፍኩ። በማግስቱ አንድ ያቋረጠ ተማሪ ያንኑ ኮርስ እንደገና ሊመዘገብ መጣና ሲስተሙ ከለከለው። ትክክለኛው ደንብ «አይደገም» ሳይሆን «በአንድ ጊዜ ሁለት ንቁ ምዝገባ አይኑር» ነው። ከጃንጎ 2.2 ጀምሮ «ዩኒክ ኮንስትሬይንት» የሚባለው «አይደገም» የሚል ገደብ ቅድመ ሁኔታ ይቀበላል፤ ሁኔታው «ንቁ» ለሆነው ብቻ ይከልክል ማለት ይቻላል። ፖስትግሬስና ኤስኪውላይት በሚባሉት ዳታቤዞች ላይ ይሠራል። ማይኤስኪውኤል ላይ ግን እንዲህ ያለ ገደብ አይፈጠርም፤ እዚያ ያላችሁ ሌላ መላ መፈለግ አለባችሁ።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። 2.2 ከመውጣቱ በፊት የራሳችሁ መካከለኛ ሞዴል ካለ «አድ» የሚለው ጭራሽ አይሠራም ነበር። አሁን ይሠራል፤ ለተጨማሪዎቹ ዓምዶች ዋጋ «ትሩ ዲፎልትስ» በሚለው ታቀብላላችሁ። ነገር ግን ተማሪ 14 በኮርስ 3 ላይ ሁለት ምዝገባ ካለው፣ አንዱ የተቋረጠ አንዱ ንቁ፣ «ሪሙቭ» ስትሉ ሁለቱም ይሰረዛሉ። ስለዚህ እኔ በብዙ ለብዙ ፊልዱ አልጽፍም፤ ለማንበብ ብቻ ነው የምጠቀምበት። ስጽፍ ምዝገባ ሞዴሉን በቀጥታ እፈጥራለሁ። ሌላም ጥቅም አለው፦ «አድ» ረድፎቹን በጅምላ ስለሚያስገባ የሞዴሉን «ሴቭ» አይጠራም፤ «ሴቭ» ውስጥ የጻፋችሁት ማጣሪያ ሁሉ ይዘለላል።

ማይግሬሽኑ የራሱ ታሪክ አለው። ቀላል መስሎኝ ፊልዱ ላይ «ትሩ» ጨመርኩና አስኬድኩ። ጃንጎ አልቀየርም አለ፤ በነበረ ብዙ ለብዙ ፊልድ ላይ «ትሩ» መጨመር ወይም ማንሳት በቀጥታ አይፈቀድም። ፊልዱን አጥፍቶ እንደገና መፍጠር ደግሞ ዳታውን ማጥፋት ነው። መውጫው «ሰፐሬት ዳታቤዝ ኤንድ ስቴት» የሚባለው ኦፕሬሽን ነው። ለጃንጎ አእምሮ «ምዝገባ የሚባል ሞዴል ተፈጥሯል፣ ፊልዱም በእሱ በኩል ነው» ትሉታላችሁ። ለዳታቤዙ ግን የድሮውን ቴብል ስም ብቻ ታስቀይሩታላችሁ። ረድፎቹ ካሉበት አይነቃነቁም። በዚህ ደረጃ ምዝገባ ሞዴሉ ልክ የድሮዎቹን ሁለት ፎሬን ኪዮች ብቻ ይያዝ። ቀን፣ ሁኔታና ውጤት በሚቀጥለው ማይግሬሽን ይጨመሩ። እኔ ሁሉንም በአንድ ላይ ልጨርስ ብዬ ሁለት ጊዜ ወደ ኋላ ተመልሻለሁ፤ ደግነቱ በዳታቤዙ ኮፒ ላይ ነበር።

ሞዴሉ ከተስተካከለ በኋላ ያደከመኝ ኩዌሪ (ለዳታቤዙ የሚላክ ጥያቄ) ነው። የመጀመሪያው ብዙዎቻችሁ የምታውቁት ነው፦ 50 ተማሪ ዘርዝሮ የእያንዳንዱን ኮርስ ማሳየት። ዝም ብሎ ከተጻፈ 51 ኩዌሪ ይሄዳል። የሁሉንም ኮርሶች በአንድ ጊዜ የሚያመጣው «ፕሪፌች ሪሌትድ» ሲጨመርበት ሁለት ይሆናል።

ሁለተኛው ግን ስህተት መሆኑ ስለማይታይ ከሁሉም የከፋ ነው። «ኮርስ 3ን ያቋረጡ ተማሪዎችን አምጣ» ተባልኩ። ሁለት ፊልተር (ማጣሪያ) አከታትዬ ጻፍኩ፦ መጀመሪያ በኮርስ፣ ቀጥሎ በሁኔታ። ዝርዝር ወጣ። ዝርዝሩ ውስጥ 14 ቁጥር አለ። እሱ ግን ኮርስ 3ን ጨርሷል! ነገሩ እንዲህ ነው። 14 ቁጥር በዚያን ጊዜ ሦስት ምዝገባ ነበረው፦ ኮርስ 3 ጨርሷል፣ ኮርስ 7 ጨርሷል፣ ኮርስ 9 አቋርጧል። በብዙ ግንኙነት ላይ ሁለት ፊልተር ስታከታትሉ ጃንጎ ቴብሉን ሁለቴ ያገናኘዋል። ጥያቄው «ኮርስ 3 ላይ ምዝገባ አለው? ደግሞስ የትም ቢሆን ያቋረጠው ምዝገባ አለው?» ይሆናል። ለ14 ቁጥር ለሁለቱም መልሱ አዎ ነው። ሁለቱ ቅድመ ሁኔታዎች በአንድ ፊልተር ቅንፍ ውስጥ አብረው ሲጻፉ ግን ስለ አንድና ያው ረድፍ ነው የሚጠየቀው። በአጻጻፍ የአንድ ቅንፍ ልዩነት ነው፤ በመልሱ ግን ሰው ባላቋረጠው ኮርስ አቋራጭ ተብሎ ይጻፋል። በተቃራኒው «ኮርስ 3ንም ኮርስ 7ንም የወሰደ» ሲባል ማከታተል ነው ትክክሉ፤ አንድ ረድፍ ሁለቱንም ኮርስ ሊሆን አይችልምና።

ሦስተኛው ቆጠራ ነው። ኮርስ ከመምህራንም ጋር ብዙ ለብዙ አለው። በአንድ ሪፖርት የተማሪና የመምህር ብዛት ጠየቅኩ። ኮርሱ 30 ተማሪና 2 መምህር አለው። ሪፖርቱ 60 ተማሪ፣ 60 መምህር አለ። ሁለቱ ግንኙነቶች አንድ ላይ ሲያያዙ እያንዳንዱ ተማሪ ከእያንዳንዱ መምህር ጋር ተጣምሮ ይወጣል፤ 30 በ2 ሲባዛ 60። ቆጠራው ላይ «ዲስቲንክት» (የተደገመውን አንዴ ብቻ ቁጠር) ሲደረግ 30ና 2 ይመለሳል። ለድምር ግን ይህ አይበቃም፤ ሁለት ተማሪ እኩል ነጥብ ካላቸው አንዱን ያስቀርባችኋል። ለድምር ሰብኩዌሪ (በኩዌሪ ውስጥ ያለ ሌላ ኩዌሪ) ተጠቀሙ።

በነካ እጄ፦ ኮርስ ከራሱ ከኮርስ ጋር ብዙ ለብዙ ሲኖረው፣ ለምሳሌ ቅድመ ኮርስ፣ ጃንጎ ግንኙነቱን እንደ ጓደኝነት የሁለትዮሽ ያደርገዋል። ኮርስ 1 ለኮርስ 2 ቅድመ ኮርስ ነው ስትሉ 2ም ለ1 ይሆናል። «ሲሜትሪካል» የሚለውን አማራጭ «ፎልስ» አድርጉት።

ማይግሬሽኑን ዋናው ሰርቨር ላይ ያስኬድኩት ማንም በማይሠራበት ሌሊት ነው። ከመጀመሬ በፊት ባክአፕ ወሰድኩ፣ ረድፎቹን ቆጠርኩ። ስጨርስ እንደገና ቆጠርኩ። እኩል ነው። ከዚያ የተማሪ 14ን ገጽ ከፈትኩ። የምዝገባ ቀን ዓምዱን ባዶ እንዲሆን ፈቅጄ ነበር። መጀመሪያ ማይግሬሽኑ ለድሮ ረድፎች ቀን እንድሰጥ ሲጠይቀኝ የዕለቱን ቀን ሰጥቶ መገላገል ይቻል ነበር፤ ግን ሰዎቹ በዚያ ቀን አልተመዘገቡም። ጠዋት ለኃላፊዋ ደወልኩና ከዚህ በፊት የነበሩት ምዝገባዎች ቀናቸው ባዶ ሆኖ እንደሚታይ ነገርኳቸው።

«ወረቀቱ ላይ ያለውን እየፈለግን እንሞላዋለን» አሉኝ። «ከ14 ቁጥር እንጀምር።»